ምዕራፍ 7፦ እሳትን በአየር መስፈር

ጆርጅ ስቲቨን ቺካጎ አካባቢ የሚኖር፣ ዌበር ብራዘርስ በሚባል የብረታ ብረት ድርጅት የሚሠራ ሰው ነበር። ጓሮው ውስጥ ሥጋ መጥበስ ይወዳል። የዘመኑ መጥበሻ ግን ክፍት ስለነበር ነፋስ በመጣ ቁጥር እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ አመዱ ሥጋው ላይ ይቦናል፤ ዝናብ ካካፋ ደግሞ ጥብሱ አበቃለት። ድርጅቱ ከሚሠራቸው ዕቃዎች መካከል ሐይቅ ላይ ለጀልባዎች ምልክት የሚሆን ድቡልቡል ተንሳፋፊ ብረት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1952 ስቲቨን ይህን የብረት ኳስ ከወገቡ ከፈለው፤ ታችኛውን ግማሽ እግር ገጥሞ ምድጃ፣ ላይኛውን እጀታ ገጥሞ ክዳን አደረገው። ሲተረክ እንደሚሰማው፣ መጀመሪያ ክዳኑን ሲደፋበት እሳቱ ጠፋ። የነደደው ክዳኑ ከተበሳ በኋላ ነው።

ዛሬ ከዳላስ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ በየጓሮው የሚታየው ክብ የከሰል ግሪል የዚያ ኳስ ዘር ነው። አብዛኛው ሰው የሚጠቀምበት ለፈጣን ጥብስ ነው፤ ከሰል ይቀጣጠላል፣ ሥጋ ይደረደራል፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ሁሉም ይበላል። ግን ይኸው ጎድጓዳ ብረት 5 ኪሎ የሚመዝን ፍርምባ 10 እና 12 ሰዓት ሙሉ በጭስ ሊያበስል ይችላል። ሶኬት የለውም፤ በምዕራፍ 4 ፍሪጅ ውስጥ ያገኘነው ዓይነት ቴርሞስታትም የለውም። ያለው ከታች አንድ የአየር መግቢያ፣ ከላይ አንድ የአየር መውጫ ብቻ ነው። በእነዚህ ሁለት ቀዳዳዎች ብቻ ሙቀቱን ቀኑን ሙሉ 120 ዲግሪ ላይ ማቆየት የሚቻለው እንዴት ነው?

ፍርምባ ለምን አይቸኩልም

በመካከለኛው ቴክሳስ የጭስ ሥጋ ንጉሥ ፍርምባ ነው። የበሬው ደረት ነውና ዕድሜውን ሙሉ ክብደት ሲሸከም የኖረ ጡንቻ ነው፤ ስለዚህ ጅማት በጅማት ነው። ጅማቱን ጅማት የሚያደርገው ኮላጅን የሚባል ገመድ መሰል ፕሮቲን ነው። ፍርምባን እንደ ጥብስ ኃይለኛ እሳት ላይ ቢጥሉት ገመዱ ይኮማተርና ሥጋው እንደ ጫማ ሶል ይሆናል። ኮላጅን የሚሸነፈው በጊዜ ነው፤ የሥጋው ውስጥ ከ60 ዲግሪ በላይ ከወጣ በኋላ ቀስ በቀስ፣ ወደ 90 ሲጠጋ ደግሞ ፈጠን ብሎ ወደ ጄላቲን ይቀየራል። ጄላቲን የቅልጥም መረቅ ሲቀዘቅዝ የሚረጋው ነገር ነው። የቴክሳስ አብሳዮች ፍርምባን የሚያወጡት ውስጡ ከ93 እስከ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ነው።

ችግሩ ሥጋ ሙቀት የሚያሳልፈው በጣም በዝግታ መሆኑ ነው። ዙሪያው 200 ዲግሪ ከሆነ መሐሉ 90 እስኪደርስ ድረስ ውጪው ደርቆ ከሰል ይሆናል። ዙሪያው 80 ከሆነ ደግሞ እንግዶቹ ተሰብስበው ይሄዳሉ፣ ሥጋው ገና ነው። በልምድ የተገኘው መካከለኛ መንገድ ከ107 እስከ 135 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ክልል ነው፤ በአሜሪካ ቴርሞሜትር ከ225 እስከ 275 ፋራናይት ይላል። ልብ ይበሉ፣ ይህ ነጥብ ሳይሆን ክልል ነው፤ በኋላ ይጠቅመናል።

በነገራችን ላይ የአሜሪካ መጻሕፍት ጀማሪውን በአሳማ ትከሻ እንዲለማመድ ይመክራሉ፤ ስብ ስለበዛበት ስሕተትን ይቅር ይላል በሚል። በእኛ ቤት ምክሩ አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ጮማ ያለው የበሬ ትከሻ ወይም የበግ ወርች ይተካዋል፤ ከፍርምባ ያነሰ ስለሆነም ጊዜው ያጥራል።

የወፍጮ ቤቱ ወረፋ

ከሰል ላይ ቡና አፍልቶ ያደገ ሰው አንድ እምነት ይዞ ይመጣል፦ ብዙ ከሰል ማለት ብዙ ሙቀት ነው። ክፍት ምድጃ ላይ እምነቱ ትክክል ነው። ምድጃው በአራቱም በኩል አየር ያገኛል፤ የጨመሩት ከሰል ሁሉ እኩል ይነዳል። ክዳን ሲመጣ ግን ሕጉ ይለወጣል።

ወፍጮ ቤት ደጃፍ ላይ የተደረደረውን ጆንያ ያስቡ። ዛሬ 5 ጆንያ ጤፍ ቢሰለፍ፣ ነገ 50 ቢሰለፍ፣ ወፍጮው በሰዓት የሚያወጣው ዱቄት አይለወጥም። የዱቄቱን መጠን የሚወስነው ከላይ ካለው ቋት ወደ ድንጋዩ እህል የሚያወርደው ትንሽ በር ነው። ወፍጮ ፈጪው በሩን ጠበብ ካደረገው ዱቄቱ ይቀንሳል፣ ከፈት ካደረገው ይጨምራል። የጆንያው ብዛት የሚወስነው ሌላ ነገር ነው፤ ወፍጮው ስንት ሰዓት ያለ ማቋረጥ እንደሚሠራ።

ክዳኑ የተገጠመ ግሪል ውስጥ ከሰሉ ጆንያው ነው፣ የታችኛው ቀዳዳ ደግሞ የቋቱ በር። 3 ኪሎ ከሰልም ይሁን 1 ኪሎ፣ በቀዳዳው የሚገባው ኦክስጅን አንድ ከሆነ የሚወጣው ሙቀትም ያው አንድ ነው። ከሰሉ የሚለውጠው እሳቱ የሚቆይበትን ጊዜ ብቻ ነው። የዚህ ምዕራፍ ፍሬ ነገር ይኸው ነውና ትንሽ እንቆይበት።

እ.ኤ.አ. በ1917 ቶርንተን የተባለ ተመራማሪ የልዩ ልዩ ነዳጆችን የቃጠሎ ሙቀት ሲያወዳድር አንድ የሚገርም ነገር አስተዋለ። ነዳጆቹ በየኪሎአቸው የሚሰጡት ሙቀት በጣም ይለያያል። ሙቀቱን ለነዳጁ ኪሎ ሳይሆን ነዳጁ ለበላው ኦክስጅን ኪሎ ሲያካፍለው ግን ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፋ፦ እንጨትም ቢሆን፣ ዘይትም፣ ፕላስቲክም፣ አንድ ኪሎ ኦክስጅን በበሉ ቁጥር 13 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይሰጣሉ። ጁል የኃይል መለኪያ ነው፤ 13 ሚሊዮን ጁል የኤሌክትሪክ ምጣድ አንድ ሰዓት ገደማ ሲጋግር የሚፈጀው ያህል ነው። ነገሩ ለብዙ ዘመን ተረስቶ ኖረና እ.ኤ.አ. በ1980 ክሌይተን ሃጌት የተባለ አሜሪካዊ አጠናክሮ አቀረበው። ከዚያ ወዲህ የእሳት አደጋ ተመራማሪዎች የሚቃጠል ሶፋን የሙቀት መጠን ማወቅ ሲፈልጉ ሶፋውን አይመዝኑም፤ ከጭሱ ጋር ከሚወጣው አየር ውስጥ ስንት ኦክስጅን እንደጎደለ ይለካሉ። ኦክስጅኑን ያወቀ እሳቱን አወቀ።

ይህንን ወደ ግሪላችን እናውርደው። 57 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው የተለመደው ክብ ግሪል 120 ዲግሪ ላይ ሲቆም፣ በብረቱ ገላ በኩል የሚያመልጠውን ሙቀት በግምት ብናሰላው 1 ኪሎዋት አካባቢ እናገኛለን። የምጣዱ ሲሶ እንኳ አይሞላም ማለት ነው። ይህን ለመተካት በሰዓት ከ100 እስከ 200 ግራም ከሰል ይበቃል፤ አንድ ጭብጥ ቢሆን ነው። ለዚያ ከሰል የሚያስፈልገው አየር በሰዓት ከአንድ ሜትር ኩብ ብዙ አይበልጥም። ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ በጭስ ሲያበስል ሙቀቱ 200 እና 250 የሚገባበት ምክንያት እዚህ ላይ ነው። ለጥብስ በለመደው እጁ ቀዳዳውን ወለል አድርጎ ከፍቶታል፤ ከሚፈለገው ብዙ እጥፍ አየር ሰጥቶታል።

ሁለቱ ቀዳዳዎች

ግሪሉን ከሥር ጎንበስ ብለው ይዩት። ጎድጓዳው መሐል ላይ ሦስት ሞላላ ቀዳዳዎች አሉ፤ ከውስጥ በኩል ሦስት የብረት ምላሶች ተኝተውባቸዋል፤ ምላሶቹ ወደ ውጪ ከወጣ አንድ እጀታ ጋር ተያይዘዋል። እጀታውን ሲገፉ ምላሶቹ ወለሉን እየጠረጉ ይዞራሉ፤ በዚያው እንቅስቃሴ አመዱን ወደ ታች ይጥላሉ፣ ቀዳዳውንም ያሰፋሉ ወይም ያጠባሉ። እጀታው የቆመበት ቦታ ከውጪ ይታያል፤ ቀዳዳው ምን ያህል እንደተከፈተ ግን አይታይም። ስለዚህ አንድ ጊዜ ግሪሉ ባዶና ቀዝቃዛ ሳለ ቀዳዳውን በዓይን እያዩ «የተዘጋ»፣ «የጣት ውፍረት»፣ «ግማሽ»፣ «ሙሉ» የሚሆንባቸውን ቦታዎች ከእጀታው አጠገብ በማርከር ምልክት ማድረግ ያዋጣል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፤ ለዓመታት ግምት ከመገመት ያድናል።

ቀዳዳው የሚሠራው ባልተመጣጠነ መንገድ መሆኑንም ማወቅ ይበጃል። ከሙሉ ወደ ግማሽ ሲያጠቡት ሙቀቱ ብዙም ላይነቃነቅ ይችላል፤ ከሩብ ወደ ጭላንጭል ሲያወርዱት ግን ለውጡ ትልቅ ነው። ጨዋታው ያለው መጨረሻዋ አካባቢ፣ የጣት ውፍረት ባላት ስንጥቅ ላይ ነው።

የላይኛውስ? ሞቃት አየር ቀላል ነው። 20 ዲግሪ ላይ አንድ ሜትር ኩብ አየር 1.2 ኪሎ ሲመዝን 120 ዲግሪ ላይ 0.9 ኪሎ ብቻ ይመዝናል። ቀላሉ አየር በላይኛው ቀዳዳ እየወጣ ሲሄድ አዲስ አየር ከታች ይሳባል፤ ስቲቨን ክዳኑ እስኪበሳ ድረስ እሳቱ ያልነደደለት ለዚህ ነው። መውጫ ከሌለ መግቢያው ክፍት ቢሆንም የሚገባ የለም።

እንግዲህ እሳቱን ከላይም ከታችም መግታት ይቻላል። የትኛው ይሻላል በሚለው ላይ ባለሙያዎች ይከራከራሉ፤ የእኔ ፍርድ ግልጽ ነው። የላይኛውን ወለል አድርጎ መተው፣ በታችኛው መሥራት። የላይኛው ሲጠብ ጭሱ ውስጥ ተጠራቅሞ ሥጋው ላይ ጥቁር መራራ ቅጥራን ይለጥፋል። ሌላው ደግሞ ክዳኑን ሲገጥሙ የላይኛው ቀዳዳ ከከሰሉ በላይ ሳይሆን ከሥጋው በላይ እንዲውል ማዞር ነው። ጭሱ ለመውጣት ሲል የግድ በሥጋው ላይ ያልፋል።

መርፌውን ማሳደድ

እስካሁን ያልነው ሁሉ የገባው ሰው እንኳ ሊወድቅበት የሚችል ጉድጓድ አለ። ጉድጓዱ ጊዜ ይባላል።

ቀዳዳውን ከፈት አደረግን እንበል። አየሩ ወዲያው ይገባል፣ የነደዱት ፍሞች ይደምቃሉ፣ መርፌው ግን ገና አልተነሣም። የደመቁት ፍሞች ቀስ እያሉ ጎረቤቶቻቸውን ያቀጣጥላሉ፤ የብረቱ ገላ ይሞቃል፤ የሥጋው ገጽ ሙቀት ይጠጣል። 10 እና 15 ደቂቃ ያልፋል። አብሳዩ መርፌው አልነቃነቅ ሲለው ቀዳዳውን እንደገና ያሰፋዋል። ከዚያ የመጀመሪያው መክፈትም ሁለተኛውም በአንድነት ይደርሳሉ፤ መርፌው 120ን አልፎ 150፣ 160 ይገባል። አሁን ደግሞ ደንግጦ ጥርቅም አድርጎ ይዘጋል። ግን የተቀጣጠለው ከሰል ብዛት አንዴ ጨምሯል፣ ትእዛዝ ሰምቶ በአፍታ አይጠፋም። ሙቀቱ ሲወርድ ደግሞ እሳቱ ከሞላ ጎደል ታፍኖ ያገኘዋል፤ እንደገና መክፈት። ቀኑ እንዲህ ሲወጣና ሲወርድ ያልፋል።

ይህ የአብሳይ በሽታ ብቻ አይደለም። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የእንፋሎት ሞተሮች ፍጥነታቸውን የሚጠብቅ መቆጣጠሪያ ነበራቸው፤ አንዳንዶቹ ግን ፍጥነቱን በማረጋጋት ፋንታ ከፍ ዝቅ እያደረጉ ያስጨንቁት ነበር። ታላቁ የፊዚክስ ሰው ጄምስ ክለርክ ማክስዌል እ.ኤ.አ. በ1868 ጉዳዩን በሒሳብ መረመረው። ከዚያ ዘመን ጀምሮ በተገነባው እውቀት መሠረት፣ ውጤቱ ዘግይቶ በሚታይበት ነገር ላይ ኃይለኛ እርማት ማድረግ መወዛወዝን ይወልዳል። በምዕራፍ 4 የፍሪጁ ቴርሞስታት መሐል ላይ ሰፋ ያለ «አትንካኝ» ክልል እንዳለው አይተን ነበር፤ በእያንዳንዷ ዲግሪ ሞተሩን አይቀሰቅስም። እዚህ ቴርሞስታቱ ሰውየው ራሱ ነው፤ ስለዚህ የራሱን «አትንካኝ» ክልል ማስመር ያለበትም ራሱ ነው። ከላይ የጠቀስኩት ከ107 እስከ 135 ያለው ክልል ለዚህ ይጠቅማል። መርፌው እዚያ ውስጥ እስካለ ድረስ እጅ ኪስ ውስጥ። ከወጣ እጀታውን ትንሽ፣ በሁለት ምልክቶች መሐል ያለውን ርቀት ሩብ ያህል ማንቀሳቀስ፤ ከዚያ ቢያንስ 15 ደቂቃ ሳይነኩ መጠበቅ።

ከምንም በላይ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ሲወጣ ሳለ መያዝ ነው። ዒላማው 120 ከሆነ መርፌው 95 ወይም 100 ላይ እያለ የታችኛውን ቀዳዳ ማጥበብ ይጀመራል። ያነሰ እሳትን ማሳደግ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው፤ ያደገ እሳትን ማሳነስ ግን ሰዓት ይወስዳል።

ክዳን መክፈትን በተመለከተ የተለመደው ምክር «ሙቀቱ ያመልጣል» የሚል ነው። ምክሩ ትክክል ነው፣ ምክንያቱ ግን ስቷል። ግሪሉ ውስጥ ያለው አየር 100 ሊትር ገደማ ነው፤ ክብደቱ መቶ ግራም አይሞላም። ከውጪ የገባውን አየር እንደገና ለማሞቅ የ1 ኪሎዋት እሳት አሥር ሴኮንድ ገደማ ይበቃዋል። አደጋው በተቃራኒው በኩል ነው፦ ክዳኑ ሲነሣ ስንጥቋ ብቻ ስትቆጥርለት የነበረው እሳት ድንገት የፈለገውን ያህል ኦክስጅን ያገኛል። ሁለት ደቂቃ ቆመው ሥጋውን ሲያደንቁ ከሰሉ ይቀጣጠላል፤ ክዳኑን ከገጠሙ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሙቀቱ ካሰቡት በላይ ወጥቶ ያገኙታል። ያኔ «ከፍቼው ስለቀዘቀዘ ነው» ብሎ ቀዳዳውን የሚያሰፋ ሰው ነገሩን ያባብሰዋል።

መርፌው ራሱም ይዋሻል። ክዳኑ ላይ የተገጠመው ቴርሞሜትር የሚነግረን የጣሪያውን ሙቀት ነው፤ ሥጋው ያለበት ፍርግርግ ላይ ያለው ሙቀት ከእሱ በ20 ወይም በ30 ዲግሪ ቢለይ አያስገርምም። ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር ፍርግርጉ ላይ፣ ከሥጋው አራት ጣት ያህል ርቆ ቢቀመጥ ይሻላል። በጣም ከተጠጋ ደግሞ በቀዝቃዛው ሥጋ ዙሪያ ያለውን ቀዝቃዛ አየር ይለካል።

ገበያ ላይ ከታችኛው ቀዳዳ ጋር የሚገጠሙ ትንንሽ የኤሌክትሮኒክስ መቆጣጠሪያዎች አሉ። ባብዛኛው ቴርሞሜትር፣ ቺፕና ትንሽ ማራገቢያ ናቸው። ከሰል አይጨምሩም፣ አይቀንሱም። ሙቀቱ ሲወርድ ትንሽ ይነፋሉ፣ ሲደርስ ያቆማሉ።

እባቡ

አየሩን ሰፈርን፤ ከሰሉንስ እንዴት እንደርድረው? ወለሉ ላይ ተከምሮ ከተቀጣጠለ፣ ቀዳዳው ትንሽ ሲሳሳት ሁሉም በአንድ ጊዜ ለመንደድ የተዘጋጀ ነው። ጀማሪን የሚያድነው «እባብ» የሚባለው አደራደር ነው። ከሰሉ በጎድጓዳው ጠርዝ ዙሪያ በቅስት ይደረደራል፤ ከሥር ሁለት ጎን ለጎን፣ በላያቸው ሁለት፣ እንዲያ እያለ ከክቡ ሦስት አራተኛ ያህል። ከጫፉ ላይ ብቻ ስምንት ወይም አሥር የጋመ ፍም ይቀመጣል። እሳቱ እንደ ክር ሻማ ከጫፍ ወደ ጫፍ ይሄዳል፤ በማንኛውም ሰዓት የሚነደው ጥቂት ፍሬ ብቻ ስለሆነ አየር ቢበዛበት እንኳ የሚያደርሰው ጉዳት ውስን ነው።

እባቡ የሚሠራው መጠናቸው እኩል በሆነ የተጨመቀ ከሰል፣ ማለትም በብሪኬት ነው። ሄንሪ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሚሺጋን ውስጥ ከመኪና ፋብሪካው የእንጨት ትራፊ ያሠራው የነበረው ዓይነት ነው፤ ከሰሉ በፎርድ መኪና መሸጫዎች ይሸጥ ነበር። የእኛ አገር የግራር ከሰል ግን አንዱ እንደ ጡብ፣ አንዱ እንደ ለውዝ ነው፤ በመሐሉ ክፍተት ካገኘ እባቡ ይቋረጣል፣ ደቃቅ ካገኘ ይሮጣል። በእሱ ሲሠራ ትልልቁን መርጦ በግሪሉ አንድ ጎን መከመርና ከላይ ጥቂት ፍም ብቻ መጣል ይሻላል፤ እሳቱ ወደ ታች በዝግታ ይበላል።

ከሥጋው ሥር ውሃ ያለበት የአሉሚኒየም ትሪ ይቀመጣል። ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ አይወጣም፣ ለመትነንም ብዙ ሙቀት ይበላል፤ ስለዚህ ሙቀቱ ሲያመልጥ ልጓም ይሆናል። ጠብታ ስብም ይቀበላል።

ሥጋው ሲያድም

አራት ወይም አምስት ሰዓት አልፏል። ግሪሉ 120 ላይ ረግቷል፣ የሥጋው ውስጥ ደግሞ በደንብ ሲወጣ ቆይቶ 68 ደርሷል። ከዚያ ይቆማል። አንድ ሰዓት፣ 68። ሁለት ሰዓት፣ 69። አንዳንዴ ጭራሽ አንድ ዲግሪ ይወርዳል። ብዙ ሰው እሳቱ የደከመ መስሎት ቀዳዳውን የሚከፍተው፣ ከላይ የተናገርነውን መወዛወዝ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ለረጅም ጊዜ የተሰጠው ማብራሪያ «ሙቀቱን ጅማቱ ሲቀልጥ እየበላው ነው» የሚል ነበር። አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ግሬግ ብሎንደር ይህንን በቀላል ሙከራ ፈተነው። ከሥጋ ጋር አንድ በውሃ የራሰ ስፖንጅና አንድ ቁራጭ የበሬ ስብ በሙቀት ውስጥ አስገባ። ስቡ ያለ ማቋረጥ ሞቀ። ስፖንጁ ግን እንደ ሥጋው ቆመ። ስፖንጅ ውስጥ ጅማት የለም፤ ያለው ውሃ ነው።

ምዕራፍ 5ን ያነበበ ሰው መልሱን አሁን ያውቀዋል። እንስራ ውሃውን የሚያቀዘቅዘው በገላው የሚያስመልጠው እርጥበት ሲተን ሙቀት ይዞ ስለሚሄድ ነበር። ፍርምባውም ያልበዋል። ቀረብ ብሎ ለሚያይ ገጹ ላይ የጠብታ ብልጭታ ይታያል፤ ከእሳቱ የሚመጣው ሙቀትና በትነት የሚሄደው ሙቀት ስለተስተካከሉ ነው ቁጥሩ የቆመው። ገጹ ሲደርቅ ራሱ ይነሣል። መጠበቅ የማይፈልግ ሥጋውን በፎይል ይጠቀልለዋል፤ ትነቱ ይታገዳል፣ ሙቀቱ ይወጣል። ኦስቲን ከተማ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 በተጎታች ቤት ሥራ የጀመረው አሮን ፍራንክሊን በፎይል ፋንታ የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት መጠቀምን አስለምዷል፤ ወረቀቱ ትንሽ ስለሚያስተነፍስ ቅርፊቱ አይላቀቅም። ሁለቱም ይሠራሉ። የማይሠራው በዚህ ሰዓት ቀዳዳውን መነካካት ነው።

ከባሕር ወለል ሲርቁ

በእጅ ያሉት የአሜሪካ መመሪያዎች ባብዛኛው የተጻፉት ዝቅተኛ ቦታ ላይ ለሚኖር ሰው ነው። ዴንቨር ያለ ሐበሻ ከባሕር ወለል 1,609 ሜትር ከፍ ብሏል፤ አዲስ አበባ ያለው ደግሞ 2,350 ሜትር ገደማ። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ነው፤ ስለዚህ በዚያችው ስንጥቅ የሚገባው አየር በሜትር ኩብ የሚይዘው ኦክስጅን በሩብ ያህል ያንሳል። አንድ ኪሎ ከሰል ሙሉ በሙሉ ለመንደድ ባሕር ዳርቻ 10 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ሲፈልግ አዲስ አበባ ላይ ከ12 በላይ ይፈልጋል። መመሪያው «ሩብ ክፈት» ካለ ከሩብ ትንሽ አለፍ ማድረግ ነው።

ሌላም አለ። አዲስ አበባ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ውስጡ ውሃ የሆነ ሥጋ 95 እስኪደርስ መጠበቅ እዚህ ከንቱ ድካም ሊሆን ይችላል፤ እስኪደርስ ድረስ ይደርቃል። ትነቱ ፈጣን ስለሆነ ሥጋው የሚቆመውም ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ ነው። ከ88 ጀምሮ ቀጭን ሹካ ወይም የቴርሞሜትሩን መርፌ እያስገቡ መሞከር ነው፤ ለጋ ቅቤ እንደመውጋት ሆኖ ከገባ ደርሷል።

ጭሱ ሲወጣ፣ እሳቱ ሲጠፋ

ጣዕሙ የሚመጣው ከሰሉ ላይ ከሚጣሉ ጥቂት የእንጨት ቁራጮች ነው። ቴክሳስ ውስጥ ኦክ ይወደዳል፤ የእኛ ሰው የወተት ዕቃ ሲያጥንበት የኖረውን ወይራ ያውቃል። ሙጫ ያለበት እንጨት፣ ለምሳሌ ጥድ፣ አይሆንም። እዚህም ዳኛው አየር ነው፦ ኦክስጅን የጎደለው እንጨት ነጭና ወፍራም ጭስ ያወጣል፣ በቂ ያገኘው ግን ሰማያዊ የምትመስል ስስ ጭስ ያወጣል። ወፍራሙ ሥጋውን ያመርረዋል። ለዚህ ነው ትልቅ እሳት አፍኖ ከመያዝ ትንሽ እሳት በቂ አየር ሰጥቶ ማንደድ የሚመረጠው፤ ሁለቱም 120 ዲግሪ ሊሰጡ ይችላሉ፣ ጭሳቸው ግን አንድ አይደለም።

አየር ያጠረው ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድም ያመነጫል። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ይገድላል። ግሪሉ ዝናብ ቢዘንብም ጋራዥ ወይም የተዘጋ በረንዳ ውስጥ አይገባም፤ በሩ ገርበብ ቢልም እንኳ።

ሥጋው ከወጣ በኋላ በወፍራም ጨርቅ ተጠቅልሎ አንድ ሰዓት ያህል ይረፍ። በዚህ መሐል የታችኛውንም የላይኛውንም ቀዳዳ ጥርቅም አድርገው ይዝጉ። ከእባቡ ጭራ ያልነደደ ካለ እሳቱ ሳይደርስበት ይቆማል። በማግስቱ ብረቱ ሙሉ በሙሉ መቀዝቀዙን ካረጋገጡ በኋላ እጀታውን ሁለት ሦስት ጊዜ ወዲያ ወዲህ ገፍተው አመዱን ያራግፉ፤ የተረፈው ከሰል ለሚቀጥለው ጊዜ ይሆናል፣ አዲሱን ከሥር አሮጌውን ከላይ እያደረጉ።